«ሁሉም ያው ነው»፦ ስለ ግድግዳ ቀለምና ስለ ዐይን ስንፍና

አማርኛ «ቀለም» ለሚለው ቃል የሰጠው ማዕርግ በቀላሉ ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም። ጸሐፊ ብዕሩን የሚያጠቅሰው በቀለም ነው። የተማረ ሰው «ቀለም ቀመሰ» ይባላል፤ ትምህርት አልዘልቀው ያለውን ልጅ «ቀለም አልገባው አለ» ይሉታል። ገጣሚ የስንኙን ምት የሚቆጥረውም በቀለም ነው፤ የወል ቤት ስንኝ ስድስት ስድስት ሆኖ በ12 ቀለም ይመታል። ይህን ሁሉ ሸክም በአንድ ቃል ላይ የጫነ ሕዝብ፣ የቤቱን ግድግዳ ሊያስቀባ ሲነሣ የሚሰጠው ምክር ግን ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ «ሁሉም ያው ነው»።

የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከእነዚህ ሦስት ቃላት ጋር ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ክሬምን ከቤዥ፣ ቤዥን ከአይቮሪ መለየት የሥራ ፈት ጨዋታ የሚመስለው አንባቢም አይጠፋም። ይሁንና ታላላቅ የማየት ስሕተቶች የሚጀምሩት ከትንሹ ነው። ሁለት ተቀራራቢ ነገሮችን «አንድ ናቸው» ብሎ መዝጋት የለመደ ዐይን፣ ነገ ሁለት ተቀራራቢ ቃላትን፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሁለት ተቀራራቢ ሐሳቦችን በዚያው ልማዱ መዝጋቱ አይቀርም።

ነገሩ በረቂቅ ሐሳብ ተንሳፎ እንዳይቀር ሥፍራ ይሰጠው። ወለንጪቲ ከአዳማ በስተምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የቦሰት ተራራ በሚታይበት የስምጥ ሸለቆ ሜዳ ላይ የተቀመጠች፣ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የጭነት መኪና ሁሉ አቧራውን የሚያራግፍባት የመንገድ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት የሳሎናቸውን ግድግዳ ሊያስቀቡ ተነሡ ይባል። ቤቱ በጭቃ ተመርጎ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ በማዳበሪያ ጆንያ የተወጠረ ነው። ከአዳማ መደብር የቀለም መምረጫ ካርድ መጥቷል። በካርዱ ላይ እንደ ጥፍር የሚያንሱ አራት ቁራጮች ተደርድረዋል፤ አንዱ ክሬም፣ አንዱ ቤዥ፣ አንዱ አይቮሪ፣ አንዱ ኦፍ ዋይት ይባላል።

ቀቢው ወጣት ነው፤ ሥራውን ያውቃል፤ ግን ቸኩሏል። «እትዬ፣ አይጨነቁ፤ ሁሉም ያው ነው። አንዴ ከተቀባ በኋላ ማንም አይለየውም» ይላል። ባልየውም ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት ስለሚሻ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። እመቤቲቱ ግን ካርዱን ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ ታገላብጠዋለች። «ያው ከሆኑ፣ ልጄ፣ አራት ስም ለምን አወጡላቸው?» ስትል ትጠይቃለች። ጥያቄዋ መልስ አያገኝም። በሁለተኛው ቀን ግድግዳው ተቀብቶ ያልቃል። ሳምንት ሳይሞላ ሳሎኑ ሰው የታመመበት ቤት ይመስላል፤ ጠዋት አረንጓዴ ያዘለ ግራጫ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የደረቀ ሰናፍጭ። ጥፋቱን የሚወስድ ግን አይገኝም፤ «ያው» የተባለ ነገር እንዴት ሊሳሳት ይችላል?

ታሪኩ ለሙግት የተፈጠረ ነው። ሆኖም አንባቢ ከሚያውቃቸው ቤቶች መካከል አንዱ እንዲህ ያለ እንደሚሆን አያጠራጥርም።

«ሁሉም ያው ነው» የሚለው ፍርድ ሐሰት ነው፤ ሐሰትነቱን የሚመሰክረውም ሩቅ አገር ያለ ሊቅ ሳይሆን የወለንጪቲ ገበያ ነው። ጤፍ ሻጭና ጤፍ ገዢ መዳፋቸው ላይ ያለችውን ጭብጥ እህል አይተው ማኛውን ከነጩ፣ ነጩን ከሠርገኛው ይለያሉ። ማኛና ነጭ ጤፍ በካርድ ላይ ተለጥፈው ቢቀርቡለት ቀቢው ሁለቱን «ያው» ይላቸው ነበር፤ ለቤቱ ጤፍ ሊገዛ በወጣ ጊዜ ግን ያው ቀቢ በሁለቱ መካከል ስላለው ዋጋ ሲከራከር ይውላል። ዐይኑ አልጎደለውም፤ ዐይኑን የሚያሠራበትን ቦታ ነው የከለለው።

የቦሎቄም ነገር እንዲሁ ነው። የአዳማና የቦሰት አካባቢ ነጭ ቦሎቄ ከሚያመርቱት የአገሪቱ ክፍሎች አንዱ ነው፤ ከአዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዝርያዎች መካከል «አዋሽ 1» የተባለው ለውጭ ገበያ የሚሆን ነጭ ፍሬ የሚሰጥ ነው። ነጭ ቦሎቄ በመጋዘን ሲከርም ነጭነቱ እየደበዘዘ ወደ ክሬም ያዘነብላል። ስለዚህ ሰፌድ ይዛ ፍሬ የምትለቅም ሴት የዘንድሮውን ከአምናው በመልኩ ታውቀዋለች። በእርሷ ዘንድ በነጭና በክሬም መካከል ያለው ርቀት የአንድ ዓመት ርቀት ነው። ይህችን ሴት ወደ ቤቷ ስትመለስ «ሁሉም ያው ነው» ማለት፣ ቀኑን ሙሉ ደሞዝ የተከፈለበትን ዐይኗን ማታ እንድትጨፍነው ማዘዝ ነው።

ከገበያው አልፎ ወደ ቅርሱ የሄደም ተጨማሪ ምስክር ያገኛል። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፤ የጠጉሩ ወገን ጠቆር ወይም ብጫ እንደ ማለት ያደርገዋል፤ የሥጋው ወገን ይነጣል። ቁም ጸሐፊ በሁለቱ ገጾች መካከል ያለውን ይህን ስስ ልዩነት ሳያስተውል አንድም ጥራዝ አይጠርዝም። ሸማኔም በፋብሪካው ድርና በእጅ በተፈተለው ማግ መካከል ያለውን የነጭ ልዩነት ያውቃል፤ ጥበቡ ሲለበስ የሚሰጠው ልስላሴ ከዚያ ልዩነት የሚመጣ ነውና። የከብትና የጋማ ከብት መልክ ሲነሣም ዳለቻ፣ ቡላ፣ ዳማ፣ ሐመር እየተባለ ይለያል፤ ከነዚህም ዳለቻና ዳማን የመሰሉትን አማርኛና ኦሮምኛ ተካፍለው ይጠሩባቸዋል። የሰው ገጽ ሲነሣ ደግሞ ጠይምና የቀይ ዳማ በአንድ ዐይነት አይታለፉም። አመድን፣ ገለባን፣ አፈርንና አቧራን በየመልካቸው የሚጠራ ሕዝብ የግድግዳ ቀለም ጋ ሲደርስ ምን ነክቶት ነው አንደበቱ የሚታሠረው?

ቋንቋው ራሱም ይመሰክራል። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ የተናገረን ሰው፣ ጠብቆ ሲነበብ የሚገኝን ነገር ያመለክታል፤ ፊደሉ ግን አንድ ነው። «ገና» ላልቶ ጊዜው ያልደረሰ ነገር፣ ጠብቆ በዓል ነው። «ዋና» ላልቶ በውኃ ውስጥ፣ ጠብቆ በሥራ ላይ ነው። መድረክ ላይ የቆመ ተዋናይ ማጥበቅና ማላላቱን «ያው ነው» ብሎ ቢያልፈው፣ ደራሲው የጻፈው ሐዘን በተመልካች ዘንድ ሳቅ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ተቀራራቢነት አንድነት እንዳልሆነ አማርኛ ተናጋሪ በየቀኑ ሺህ ጊዜ ያረጋግጣል። የሚጎድለው ይህን ማረጋገጫ ወደ ግድግዳው ማሻገር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ «ቤዥ» የሚባለው ነገር ራሱ ምን እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ በመነሻው ያልተነከረና ያልነጣ፣ ከበጉ ጀርባ እንደተሸለተ ያለ የሱፍ ጨርቅ መጠሪያ ነበር። ፋብሪካው ዛሬ የሚያሽገው ቤዥ ደግሞ በአብዛኛው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ በተባለ ነጭ ዱቄት ላይ ጥቂት ብጫ፣ ጥቂት ቀይ፣ አንዳንዴም ጥቂት ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ጣል ተደርጎበት የሚሠራ ነው። ብረት ኦክሳይድ ደግሞ የስምጥ ሸለቆውን አፈር ቀይና ብጫ የሚያደርገው ያው ነገር ነው። እንግዲህ ቤዥ ባዕድ አይደለም። በቆርቆሮ ታሽጎና ስም ተለጥፎበት ስለ መጣ እንጂ በወለንጪቲ ሜዳ ላይ ሲረገጥ የኖረ ቀለም ነው። ሰው የገዛ ምድሩን ቀለም በሰው አገር ስም ገዝቶ፣ ቀጥሎም ከሌላው ሊለየው አለመቻሉ ከሚያስተዛዝቡት ነገሮች አንዱ ነው።

ልዩነቱን የሚወስነው ያ «ጥቂት» የተባለው ነው። ከብጫው የበዛበት ቤዥ ጸሐይ ሲያገኝ ይሞቃል፤ ከቀዩ የበዛበት ወደ ሥጋ መልክ ይሄዳል፤ ጥቁሩ የገባበት ብርሃን ሲያንሰው አመድ ይሆናል፤ ብጫና ጥቁር የተገናኙበት ደግሞ አረንጓዴ ያዘለ መስሎ ይታያል። የባልና ሚስቱን ሳሎን ጠዋት ያሳመመው ይኸው የመጨረሻው ነው። በካርዱ ላይ ጥፍር የምታህለው ቁራጭ ይህን ጠባይዋን ደብቃ ነበር፤ አራት ግድግዳ ስትሞላ ግን መደበቂያ አጣች።

ቀለም ብቻውን አይታይም፤ የሚታየው ከጎረቤቱ ጋር ነው። ይህን በሥርዓት ያጠናው ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሼቭረል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1824 ጀምሮ በፓሪስ የጎብላን ሥጋጃ ሥራ ቤት የማቅለሚያውን ክፍል ሲመራ፣ ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል አቤቱታ ይቀርብለት ነበር። ክሩን መርምሮ ያገኘው ነገር የማቅለሚያው ጉድለት አልነበረም፤ ከጥቁሩ ጎን የተሸመኑት ሌሎች ቀለማት ዐይንን እያሳቱ ነበር። ይህንንና ሌላውን ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አወጣው። ጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ሠዓሊ ዮሴፍ አልበርስም እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው የቀለማት መስተጋብር መጽሐፉ፣ አንድ ቀለም በሁለት የተለያዩ መደቦች ላይ ሁለት ሆኖ እንደሚታይ በተግባር አሳየ። ነገሩ በወለንጪቲ ሳሎን ሲመነዘር እንዲህ ነው፤ ክሬሙ ከሰማያዊ መስኮት አጠገብ ሌላ፣ ከቀይ የሶፋ ልብስ በላይ ሌላ፣ ከጥቁር የቡና ጀበና በስተጀርባም ሌላ ነው። ቀለሙን ብቻ የመረጠ ገና አልመረጠም፤ አብሮት የሚኖረውን ዕቃ ያየ ነው የመረጠ።

ሁለተኛው ዳኛ ብርሃን ነው። በቴአትር ቤት የመድረክ ሥራን የሚያውቅ ሁሉ፣ አንድ የተቀባ ሸራ በአምፖሉ ፊት የተጋረደው ቀለም በተለወጠ ቁጥር ከንጋት ወደ ምሽት፣ ከቤተ መንግሥት ወደ እሥር ቤት እንደሚለወጥ ያውቃል። ሳሎንም መድረክ ነው፤ ልዩነቱ መብራቱን የሚያበራው ሰማይ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ከውጭ የመጣው ምክር እንዳለ ሲገለበጥ አደጋ ያመጣል። የአውሮፓ የቤት ማስጌጫ መጻሕፍት «ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀጥተኛ ጸሐይ አያገኝም፤ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሞቅ ያለ ቀለም ይቀባ» ይላሉ። ለአውሮፓ እውነት ነው። ወለንጪቲ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ8 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ አካባቢ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ አራት ወር ተኩል ለሚሆን ጊዜ፣ የቀትር ጸሐይ በከተማይቱ ላይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በበልግ መጨረሻ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን በሰሜን መስኮት የሚገባውን ጸሐይ ያየ ሰው የአውሮፓን መጽሐፍ ማመን የለበትም። በበጋው ደግሞ ጸሐይ ወደ ደቡብ ትዞራለች፤ መሬቱ ደርቆ አቧራው ይነጣል፤ ያ የነጣ መሬት ብርሃኑን ወደ ላይ እየመለሰ በበርና በመስኮት ያስገባል። በክረምት ሜዳው ሲለመልም ያው መስኮት አረንጓዴ ጥላ ያስገባል። ስለዚህ በወለንጪቲ አንድ ግድግዳ በዓመት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ግድግዳ ነው።

ማታ ደግሞ አራተኛ ይሆናል። በቀዝቃዛ ነጭ አምፖል ሥር ክሬም ይገረጣል፤ መብራት ሲጠፋና ሻማ ሲበራ ክሬምና ነጭ ይመሳሰላሉ። ሁለት ቀለማት በአንድ ብርሃን አንድ መስለው በሌላው ብርሃን ሊለያዩ እንደሚችሉ የቀለም ሳይንስ ካረጋገጠ ቆይቷል። የአዳማው መደብር በቀን ቱቦ መብራት እያበራ የሚሸጠው ቀለም ወለንጪቲ ሳሎን ሲደርስ ሌላ ሆኖ መገኘቱ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ነጋዴውን ሌባ ማለት አይገባም። ሌባው ቸኮላ ነው።

ከዚህ ላይ የሚነሣው ሁለተኛው ተከራካሪ ከመጀመሪያው ይልቅ የተማረ ነው። ልዩነቱን አይክድም። «ልዩነት አለ፤ ግን ቤዥ ገለልተኛ ቀለም ነው። ማንንም አያስቀይምም። ለቢሮም፣ ለትምህርት ቤትም፣ ለሆስፒታልም ይሆናል» ይላል። ይህ አባባል በቢሮዎች አካባቢ ሕግ ሊሆን ምንም አልቀረው። አንድ ኃላፊ የአዳራሽ ቀለም እንዲመርጥ ሲጠየቅ ቀይ ቢል «ለምን ቀይ?» ይባላል፤ ሰማያዊ ቢል «ለምን ሰማያዊ?» ይባላል፤ ክሬም ቢል ግን የሚጠይቀው የለም። ክሬም የሚመረጠው እንግዲህ ስለ ተወደደ ሳይሆን ስለማያስጠይቅ ነው። ውበት ከተጠያቂነት መሸሺያ በሆነ ጊዜ ውበትነቱ ያበቃል።

ደግሞስ ገለልተኛ የሚባል ቀለም የት አለ? ሕፃናት በቀን ስድስት ሰዓት የሚቀመጡበት ክፍል ግድግዳ ብርሃን ቢመልስ ጥቁር ሰሌዳው ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ብርሃን ቢውጥ የኋላ ወንበር ላይ ያለው ልጅ ዐይኑን ያጨናብሳል። አመድ ያዘለው ቤዥና ብጫ ያዘለው ክሬም በዚህ ረገድ እኩል አይደሉም። በሕሙማን ክፍልም፣ አረንጓዴ የሚያዘል ግድግዳ የበሽተኛውን ፊት ከነበረው በላይ አገርጥቶ ለጠያቂውም ለራሱም ያሳየዋል። በእነዚህ ግድግዳዎች መካከል የሚውል ሰው አለ፤ ግድግዳው በዚያ ሰው ላይ ሥራውን ሳያቋርጥ ይሠራል። ይህን እያወቁ «ገለልተኛ» ማለት፣ ውሳኔ ሰጥቶ ውሳኔ አልሰጠሁም ማለት ነው።

ይህ ጥያቄ በዛሬው ቀን ከአንድ ሳሎን አልፎ የከተሞች ጥያቄ ሆኗል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በተካሄደባቸው ጎዳናዎች ዳር ያሉ ሕንፃዎች ፊታቸው ታድሶ ቀለማቸው እንዲቀራረብ ተደርጓል፤ ሥራው ወደ ሌሎች ከተሞችም ተሻግሯል። በጎ ጎኑን መካድ ፍትሕ አይሆንም። የጎዳና ገጽ የጋራ ነው፤ ባለ ሕንፃው ሁሉ እንዳሻው ቢጮኽበት መንገደኛው ዐይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። ሥርዓት ያስፈልጋል። ሊጠየቅ የሚገባው ግን ይህ ነው፤ ያ የተቀራረበው ቀለም የተቀራረበው በማን ዐይን ተመዝኖ ነው? የአዲስ አበባን የደጋ ብርሃን አይቶ የተመረጠ መልክ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር አካባቢ ላይ ወዳለችው ወደ ወለንጪቲ ቆላማ ብርሃንና አቧራ ቢወርድ ያው ሆኖ ይቆያል? ባይቆይስ፣ «ያው ነው» የሚለው ቃል ከቀቢው አፍ ወጥቶ በመመሪያ ገጽ ላይ ሊሰፍር አይደለምን?

ለማነጻጸር ያህል የሐረር ጀጎል አለች። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ይህች ከተማ የቅጥሮቿን ግድግዳ በየጊዜው ታስቀባለች፤ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ሮዙና ብጫው በጠባቡ መንገድ ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ። በቤቱ ውስጥ ደግሞ ነጭ ግድግዳ አለ፤ መደቦቹ በቀይ አፈር የተቀቡ ናቸው። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ የወደቁትን ሰዎች ደም ያስታውሳል የሚል ትውፊት ይነገራል። ወለንጪቲ ሐረርን ትቅዳ ለማለት አይደለም፤ የሰውን መልክ ለብሶ መቆም ቤዥን ካለማየት አይሻልም። ከሐረር የሚቀዳው ነገር ቀለሙ አይደለም፤ ሐረሪዋን እመቤት «ይህ መደብ ለምን ቀይ ሆነ?» ብሎ የጠየቃት መልስ ማግኘቱ ነው። በወለንጪቲ «ሳሎንሽ ለምን ክሬም ሆነ?» የተባለች እመቤት ምን ትመልስ? «ቀቢው ያው ነው ስላለኝ»?

ሦስተኛው ተከራካሪ ከሁሉም የከበደው ነው፤ ስለዚህም በአክብሮት ሊሰማ ይገባዋል። «ዝናብ በሚያጥርበት፣ ውኃ በጄሪካን በሚቀዳበት አገር ስለ ሁለት ቤዦች ልዩነት መጻፍ ቅንጦት አይደለምን?» ይላል። ቅንጦት የሚሆነው ልዩነቱን ማየት ገንዘብ ቢጠይቅ ኖሮ ነበር። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ጋሎን ተቀራራቢ ቀለማት ብዙውን ጊዜ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፤ የሚያስከፍለው የተሳሳተውን ቀብቶ እንደገና መቅባት ነው። ባለጸጋ ቢሳሳት በወሩ ያስቀባል። ድኻ ቢሳሳት አምስትና ስድስት ዓመት ከስሕተቱ ጋር ይኖራል። ስለዚህ አስተውሎ መምረጥ ከባለጸጋው ይልቅ ለድኻው ያስፈልጋል። ለዚህም ምስክሯ የገጠሯ ሴት ናት፤ ግድግዳዋን በእበትና በቀለም አፈር ስትለቀልቅ አንዱን አፈር ከአንዱ ጉድጓድ መርጣ፣ ርቃ ሄዳ ቆፍራ ታመጣለች። እርሷን ቅንጦተኛ የሚላት ማን ነው?

ጉዳዩ የጤናም ጉዳይ ነው። ለረዥም ዘመን በዘይት ቀለሞች፣ በተለይም በብጫና በቀይ፣ እርሳስ የተባለው ማዕድን ይገባባቸው ነበር፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ኢትዮጵያ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429/2010 በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ክሬም ክሬም የሚሆነው ብጫ ስለሚገባበት ነው። እንግዲህ «ይህ ክሬም ብጫነቱን ያገኘው ከምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ የውበት ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ግድግዳ እየፋቀ አቧራውን ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን ያለባት እናት ጥያቄ ነው። «ሁሉም ያው ነው» በዚህ ቦታ ሲነገር ስንፍና ከመሆን አልፎ አደጋ ይሆናል። መልኩን የማይጠይቅ ገዢ፣ ከመልኩ በስተጀርባ ያለውንም አይጠይቅምና።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወቀሳ ብቻ ጽፎ መሄድ ለጸሐፊ ይቀላል፤ ግድግዳውን ግን አይቀባም።

አንደኛ፣ ካርድ ዕጩ ያቀርባል እንጂ አይፈርድም። የሚፈርደው ግድግዳው ነው። ቀቢ ጋሎን ከመግዛቱ በፊት ከሁለቱ ወይም ከሦስቱ ተቀራራቢ ቀለማት ጥቂት ጥቂት አስቀድቶ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሚሆን ቦታ፣ አንዱን ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ አንዱን ከመስኮቱ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ፣ ሁለት ሁለት እጅ ይቀባ። ይድረቅ፤ የውኃ ቀለም እርጥብ ሳለና ሲደርቅ አንድ አይደለምና። ከዚያ ቤተሰቡ ጠዋት፣ ቀትር፣ አመሻሽና በመብራት ይየው። ይህ የሚጠይቀው አንድ ቀን ትዕግሥት ነው።

ሁለተኛ፣ የሚመርጠው የሚኖርበት ይሁን። የትምህርት ቤት ክፍል ሲቀባ መምህራኑ፣ የሕሙማን ክፍል ሲቀባ ነርሶቹ፣ የንባብ ቤት ሲቀባ አንባቢዎቹ ይጠየቁ። ግድግዳውን በፊርማው ብቻ የሚያውቀው ሰው የመጨረሻው ድምፅ ይሁን እንጂ ብቸኛው ድምፅ አይሁን።

ሦስተኛ፣ ቀለማቱ ስም ይሰጣቸው። ይህ የደራስያንና የባሕል ሰዎች ድርሻ ነው። አገሪቱ የቀለም ፋብሪካ አላት፤ ሠዓሊ አላት፤ ሁለቱም ቋንቋዎች የመልክ ቃላት ሞልቷቸዋል። የጤፍ ገለባ፣ የከረመ ቦሎቄ፣ ብራና፣ ፈትል፣ ዳለቻ፣ ቡላ፤ እነዚህ በካርድ ላይ ቢጻፉ ገዢው ከካርዱ ጋር መነጋገር ይጀምራል። ስሙን የማያውቀውን ነገር ሰው በጣቱ ይጠቁማል እንጂ አይመርጥም። «አይቮሪ» ዝሆን ጥርስ ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው፣ አይቮሪና ኦፍ ዋይት በእርግጥም ያው ናቸው። «የዘንድሮ ቦሎቄ» እና «የአምና ቦሎቄ» ተብለው ቢቀርቡለት ግን ወለንጪቲ ውስጥ የሚሳሳት ሰው አይገኝም።

ሥነ ጥበብ በሙዚየምና በቴአትር አዳራሽ ብቻ የምትኖር የሚመስላቸው አሉ። ሰፊው ሕዝብ ከሥነ ጥበብ ጋር በየዕለቱ የሚገናኘው ግን ጠዋት ዐይኑን ሲገልጥ በሚያየው ግድግዳ ላይ ነው። ያ ግድግዳ ያልታየ ከሆነ፣ አዳራሽ ውስጥ የተሰቀለው ሥዕልም ሳይታይ ይታለፋል፤ በግጥሙ ውስጥ የጠበቀውና የላላው ቃልም ሳይሰማ ያልፋል። ዐይን የሚማረው በቤቱ ነው።

ወደ ወለንጪቲዋ እመቤት መመለስ ይገባል። ካርዱን ወደ በሩ ብርሃን የወሰደችው ማንም ሳያስተምራት ነው። በዚያች ሰዓት ሼቭረል በመጽሐፍ የጻፈውን እርሷ በእጇ ሠርታዋለች። የጠየቀችውም ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር። ያጣችው የሚመልስላት ሰው ነው። የሚቀጥለው ቀቢ እንግዲህ ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት እንዲህ ይበላት፤ «እውነትዎን ነው፣ እትዬ፤ ያው አይደሉም። እስኪ ግድግዳው ላይ እንሞክራቸውና ነገ በብርሃን ይዩአቸው።»